ፐርዲታ፤ የጠፋችው ልጅ ስም

(በሬዲዮ ከተሰጠ የመሠረተ ትምህርት ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንግዲህ ወደ ሬዲዮው ጠጋ ጠጋ በሉ። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ አውጡ። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ የምታነቡም ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን መስመር ተመልሳችሁ አንብቡት። ወረቀት እንደ ሬዲዮ አይሮጥም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ስም ነው። የሴት ልጅ ስም ነው። በአገራችን የተለመደ አይደለም። በሌላም አገር ቢሆን የሚጠሩበት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ስሙ «ፐርዲታ» ይባላል። ትርጉሙ «የጠፋችው» ማለት ነው።

«እንዴ! ደግሞ ለልጅ እንዲህ ያለ ስም ይወጣል?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ስም ቀላል ነገር አይደለም። ታዲያ አንዲት እናት ለገዛ ልጇ «የጠፋችው» የሚል ስም ለምን ትሰጣለች? ሌሎች ሰዎችስ ይህን ስም ለምን ወደዱት? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

ስሙን እንጻፈው

በመጀመሪያ ስሙን እንጻፍ። አራት ፊደል ነው፤ ፐ፣ ር፣ ዲ፣ ታ። ፐርዲታ። ዲ ሣልስ ነው፤ ታ ራብዕ ነው፤ ር ሳድስ ነው። ፐ ደግሞ የመጀመሪያው፣ ግዕዙ ነው።

ፐን ታስታውሱታላችሁ? በፊደል ገበታው ላይ መጨረሻ የመጣው ነው። «ከሀ እስከ ፐ ዐወቀ» የምንለው ስለዚህ ነው። ፐ በአማርኛ ብዙ ሥራ የለውም። በአብዛኛው የሚያገለግለው ከውጭ ለመጡ ቃላት ነው፤ ፖሊስ፣ ፖስታ፣ ፓስታ፣ ፓፓያ። ጳጳስ የምንጽፍበት ጰ ሌላ ነው፤ እሱ ጠበቅ ብሎ ይፈነዳል። ፐ ግን ላላ ያለ ነው። እስቲ አፋችሁን በእጃችሁ ጋርዳችሁ «ፐ» በሉ። ትንፋሽ እጃችሁን ነካው አይደል? ያ ነው ፐ።

ቃሉ ከየት መጣ?

ፐርዲታ የላቲን ቃል ነው። ላቲን ጥንት የሮማ ሰዎች የተናገሩት ቋንቋ ነው። ዛሬ እናት ለልጇ በላቲን አታወራም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያንና በሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ቆይቷል። ለእኛ ግዕዝ እንደዚያው አይደለም? የአፍ መፍቻ ባይሆንም ይነበባል፣ ይዜማል፣ ስም ይወጣበታል። ኢጣሊያንኛ፣ እስፓንኛና ፈረንሳይኛ ከላቲን የተወለዱ ቋንቋዎች ናቸው።

በላቲን «ፐርደሬ» ማለት ማጥፋት፣ ማጣት ነው። የጠፋው ወንድ ከሆነ «ፐርዲቱስ» ይባላል። የጠፋችው ሴት ከሆነች «ፐርዲታ» ትባላለች። መጨረሻ ላይ ያለው የ«አ» ድምፅ የሴት ምልክት ነው። እኛ «የጠፋ» ብለን ለሴት «የጠፋች» እንደምንለው ማለት ነው። ብዙ የፈረንጅ ሴቶች ስም በ«አ» የሚያልቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጁሊያ፣ ማሪና፣ ቪክቶሪያ።

እንግዲህ ፐርዲታ መጀመሪያ ስም አልነበረም። ተራ ቃል ነበር። ቃሉን የሰው ስም አድርጎ ያስተዋወቀው አንድ ጸሐፊ ነው።

ስሙን የሰጠው ማን ነው?

ጸሐፊው እንግሊዛዊው ዊልያም ሼክስፒር ነው። ይህን ሰው አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ መልሶልናል።

ሼክስፒር በዕድሜው ማምሻ ላይ «የክረምት ተረት» የሚባል ቴያትር ጻፈ። የእነሱ ክረምት እንደ እኛ የዝናብ ወቅት አይደለም፤ የውርጭና የበረዶ ወራት ነው። ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ ተረት የሚያወራበት ጊዜ ነው። ይህ ቴያትር በ1611 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ታይቷል። በመጽሐፍ የታተመው ደግሞ ሼክስፒር ከሞተ በኋላ በ1623 እ.ኤ.አ. ነው።

ታሪኩን ሼክስፒር ያገኘው ሮበርት ግሪን ከሚባል ሌላ እንግሊዛዊ መጽሐፍ ነው። ያ መጽሐፍ በ1588 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የልጅቱ ስም «ፎኒያ» ነበር። ሼክስፒር ታሪኩን ሲወስድ ስሟን ለወጠው፤ ፐርዲታ አላት። ለምን እንደ ለወጠው ታሪኩን ስትሰሙ ይገባችኋል።

የጠፋችው ልጅ ታሪክ

የሲሲሊ ንጉሥ ነበር። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ያለ ምክንያት ጠረጠራት። «ይህ ፅንስ የእኔ አይደለም፤ የወዳጄ የቦሄሚያው ንጉሥ ነው» አለ። ማስረጃ የለውም። ምስክር የለውም። ቅናት ብቻ ነው ያለው። ንግሥቲቱን እስር ቤት አስገባት። እዚያው ሴት ልጅ ወለደች።

ንጉሡ ሕፃኗን ማየት አልፈለገም። አንቲጎነስ የሚባለውን ሹም ጠርቶ «ይህችን ልጅ ከአገሬ ውጭ በምድረ በዳ ጣላት» ብሎ አዘዘው። ሹሙ አለቀሰ፤ ግን ታዘዘ። ሕፃኗን ይዞ በመርከብ ሄደ።

በዚያ መካከል ንግሥቲቱ ለፍርድ ቀረበች። ከአፖሎ ቤተ ጣዖት የታሸገ ወረቀት መጣ። ማኅተሙ ተሰብሮ በሸንጎው ፊት ተነበበ። ንግሥቲቱ ንጹሕ ናት ይላል። የጠፋው ካልተገኘም ንጉሡ ያለ ወራሽ ይኖራል ይላል። ንጉሡ ግን «ወረቀቱ ውሸት ነው» አለ። ይህን ከማለቱ አንድያ ወንድ ልጁ መሞቱን ሰማ። ንግሥቲቱም ወደቀች፤ ሞተች ተባለ። ያን ጊዜ ነው ንጉሡ የነቃው። ግን ምን ያደርጋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

አንቲጎነስ ወዴት ደረሰ? መርከቡ ቦሄሚያ ደረሰ። በሌሊት ንግሥቲቱን በሕልሙ አየ። ነጭ ለብሳለች፤ ታለቅሳለች። «ልጄ ለዘላለም እንደ ጠፋች ተቈጥራለችና ፐርዲታ ብለህ ጥራት» አለችው። አያችሁ? ስሙን ያወጣችው እናት ናት። ስሙ እርግማን አይደለም፤ ልቅሶ ነው።

አንቲጎነስ ሕፃኗን መሬት ላይ አስተኛት። ከጎኗ ወርቅና ሣጥን አኖረ። የጻፈውንም ወረቀት አኖረ። ከዚያ ድብ መጣና እሱን በላው። መርከቡም በማዕበል ሰጠመ። እንግዲህ ልጅቱ ማን እንደ ሆነች የሚያውቅ አንድም ሰው በዚያ አገር አልቀረም። የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

አንድ ሽማግሌ የበግ እረኛ የጠፉ በጎቹን ሲፈልግ ሕፃኗን አገኘ። በግ ፈልጎ ልጅ አገኘ። ወስዶ እንደ ልጁ አሳደጋት። ዐሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። ፐርዲታ ቆንጆና ብልህ ወጣት ሆነች። የቦሄሚያው ንጉሥ ልጅ ፍሎሪዜል ወደዳት። አባቱ ግን «የእረኛ ልጅ አታገባም» ብሎ ተቈጣ። ሁለቱ ወጣቶች ሸሹ። የት ገቡ? ሲሲሊ! ልጅቱ ሳታውቀው የገዛ አባቷ ቤት ገባች።

እረኛው ሣጥኑን ይዞ ተከተለ። ሣጥኑ ተከፈተ። የንግሥቲቱ ካባ ተገኘ። ጌጧ ተገኘ። ወረቀቱም ተገኘ። የአንቲጎነስን የእጅ ጽሑፍ የሚያውቁ ሰዎች «ይህ የእሱ እጅ ነው» ብለው መሰከሩ። የጠፋችው ተገኘች። በመጨረሻም እናቲቱ ሐውልት መስላ ከቆመችበት ወርዳ ልጇን ባረከች። ሞተች የተባለችው ንግሥት በሕይወት ነበረች።

ወረቀቱን ልብ በሉ

አድማጮች፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። እረኛው በቴያትሩ ውስጥ ራሱ ሲናገር «እኔ የመጽሐፍ ሰው አይደለሁም» ይላል። ሆኖም ወረቀቱን አልጣለውም። እሳት ማያያዣ አላደረገውም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አስቀመጠው።

ደግሞ ይህን አስቡ። ስሙን በሕልሙ የሰማው አንቲጎነስ ብቻ ነው። እሱ ሞቷል። ታዲያ ልጅቱ በእረኛው አገር ፐርዲታ ተብላ ስትጠራ እናያታለን። ስሟን ማን ነገራቸው? ከተጻፈው በቀር ሊነግራቸው የሚችል አልነበረም። አፍ ያለው ሰው ሞተ፤ አፍ የሌለው ወረቀት ተናገረ።

በእናንተስ ቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት የለም? የመሬት፣ የውል፣ የልጅ ልደት ወረቀት? ፊደል ከቆጠራችሁ በኋላ አውጥታችሁ አንብቡት። ምን እንደሚል ራሳችሁ እወቁት።

የፐርዲታ እኅቶች

ሼክስፒር በእነዚያ ዓመታት ለሌሎች ልጃገረዶችም ከላቲን ስም አውጥቷል። በባሕር ላይ በመርከብ ውስጥ የተወለደችውን «ማሪና» አላት፤ የባሕር ማለት ነው። በደሴት ያደገችውን «ሚራንዳ» አላት፤ ልትደነቅ የሚገባት ማለት ነው። ማሪናና ሚራንዳ ዛሬ በብዙ አገር የተለመዱ ስሞች ናቸው። ፐርዲታ ግን እንደ እነሱ አልበዛችም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ስሙን የተሸከሙ ሁለት ሴቶችን ላስተዋውቃችሁ።

በስሙ የተሰደበችው

የመጀመሪያዋ ሜሪ ሮቢንሰን ናት። እንግሊዛዊት ተዋናይ ነበረች። በ1779 እ.ኤ.አ. በለንደን የፐርዲታን ቦታ ይዛ ተጫወተች። የንጉሡ ልጅ አይቶ ወደዳት። ዕድሜው 17 ዓመት ነበር። «ፍሎሪዜል» ብሎ እየፈረመ ደብዳቤ ይጽፍላት ጀመር። ዕድሜዬ ለአካለ መጠን ሲደርስ 20,000 ፓውንድ እሰጥሻለሁ ብሎ በጽሑፍ ቃል ገባላት። እሷም ቴያትሩን ተወችለት።

ብዙ አልቆየም፤ ጥሏት ሄደ። ጋዜጦች «ፐርዲታ፣ ፐርዲታ» እያሉ አፌዙባት። ስሙ ስድብ ሆነባት። እሷ ግን ደብዳቤዎቹን አስቀምጣ ነበር። በ1781 እ.ኤ.አ. ደብዳቤዎቹን ስትመልስ 5,000 ፓውንድ ተከፈላት። በ1783 እ.ኤ.አ. ደግሞ በየዓመቱ 500 ፓውንድ እንዲሰጣት ተወሰነ። የተጻፈ ቃል ባይኖራት ኖሮ ማን ይሰማት ነበር?

በዚያው በ1783 እ.ኤ.አ. ታመመችና እግሯ ሽባ ሆነ። ብዕሯ ግን ሽባ አልሆነም። ግጥምና ልብ ወለድ እየጻፈች ኖረች። በ1799 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ሴቶች አንድ መጽሐፍ አወጣች። ሴት በአእምሮዋ ከወንድ አታንስም፤ ለሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሊኖር ይገባል የሚል ነው። በ1800 እ.ኤ.አ. ሞተች። ሲያፌዙባት የነበረችው «የጠፋችው ሴት» ስሟ በመጻሕፍቷ ተገኘ።

ከሞት አፋፍ የተረፈችው

ሁለተኛዋ ሕፃን ናት። እናቷ አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ሂልዳ ዱሊትል ናት። በእንግሊዝ አገር ትኖር ነበር። በ1915 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወለደ። በ1918 እ.ኤ.አ. ወንድሟ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ሞተ። በ1919 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ ነፍሰ ጡር ሳለች ዓለምን የፈጀው የኅዳር በሽታ ያዛት። አዎ፣ በአገራችንም ብዙ ሰው የጨረሰው፣ አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት ያው ነው። እናትም ልጅም አይተርፉም ተብሎ ተፈራ።

ተረፉ። መጋቢት ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች። እናቲቱ «ፍራንሲስ ፐርዲታ» ብላ ስም አወጣችላት። ለምን ይመስላችኋል? ያ ሁሉ ከጠፋባት በኋላ የተገኘች ልጅ ስለ ሆነች አይደለም? ብራየር የምትባል ጸሐፊ ወዳጇ በበሽታው ጊዜ አስታመመቻት። ቆይቶም በ1928 እ.ኤ.አ. ብራየርና ባሏ ልጅቱን በጉዲፈቻ ወሰዱ፤ ከእናቷ ጋር ሆነው አሳደጓት። ይህች ፐርዲታ ረጅም ዕድሜ ኖራ በ2001 እ.ኤ.አ. አረፈች።

በሰማይ የጠፋችው

ስሙ ሰማይም ደርሷል። ዩራነስ ከፀሐይ እጅግ ርቆ የሚዞር ዓለም ነው። በዙሪያው ብዙ ጨረቃዎች አሉት። አብዛኞቹ ስማቸውን ያገኙት ከሼክስፒር ቴያትሮች ነው። ቮያጀር 2 የተባለች መንኰራኵር በጥር ወር 1986 እ.ኤ.አ. በዩራነስ አጠገብ ስታልፍ ፎቶግራፍ አነሳች። በፎቶግራፎቹ ላይ አንዲት ትንሽ ጨረቃ ነበረች። ማንም አላያትም። 13 ዓመት ካለፈ በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ካርኮሽካ የተባለ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የድሮዎቹን ፎቶግራፎች ሲመረምር አገኛት።

ነገር ግን ሌላ ምስክር ጠፋ። በ2001 እ.ኤ.አ. ከጨረቃዎች ዝርዝር ተሰረዘች። በ2003 እ.ኤ.አ. ሀብል የተባለው የጠፈር መነጽር እንደገና አያት፤ እውነት አለች ተባለ። ስፋቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታዲያ ማን ብለው ይጥሯት? የጠፋች፣ የተገኘች፣ ዳግም የጠፋች፣ ዳግም የተገኘች። ፐርዲታ አሏት።

ለምን ይወደዳል? ለምን አልበዛም?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ስሙን የሚወዱት ሰዎች በመጀመሪያ ድምፁን ይወዱታል። አጭር ነው፤ ለአፍ አይከብድም፤ በ«ታ» ያበቃል። እንግሊዞች የመጀመሪያውን ፊደል ጫን ብለው «ፐር» ካሉ በኋላ «ዲታ»ን ቶሎ ያሳልፉታል። ሁለተኛ፣ ብርቅ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ፐርዲታ ማግኘት ያስቸግራል። ሦስተኛ፣ ታሪኩ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው «የጠፋች» ሲል «የተገኘች» ብሎ ያስባል።

ስሙ ያልበዛውም በትርጉሙ ምክንያት ነው። ላቲን ወለድ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ቃሉ ግልጽ ነው። ለኢጣሊያዊ ነጋዴ «ፔርዲታ» ማለት ኪሳራ ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ይጽፈዋል። በእስፓንኛ «ፔርዲዳ» ለሴት ሲባል ስድብ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ዶዲ ስሚዝ የተባለች ደራሲ በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ነቁጣም ውሾች የልጆች መጽሐፍ ጻፈች። በመንገድ ላይ ወድቃ የተገኘችውን ውሻ ፐርዲታ አለቻት። በ1961 እ.ኤ.አ. ታሪኩ ፊልም ሆኖ በዓለም ሁሉ ታየ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጆች ፐርዲታ ሲባል የሚታያቸው ውሻ ነው።

የእኛ አባቶችና እናቶችስ? ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ሲወለድ ካሳ ይላሉ፤ ምትኬ ይላሉ፤ ማስረሻ ይላሉ፤ ተካ ይላሉ። እነዚህ ስሞች ሐዘኑን አይደብቁም። ፊታቸውን ግን ወደ መጽናናቱ አዙረዋል። ፐርዲታ ፊቷ ወደ ሐዘኑ ነው፤ መጽናናቱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ስሙ ጨለማ ነው። ለሚያውቀው ግን ብርሃን አለው። አንድ ቃል ሁለት ሆኖ የሚታየው አንባቢው ባወቀው መጠን ነው።

ልጅ ስትወልዱ ፐርዲታ በሏት አልልም። የራሳችን ስም አላነሰንም። የምለው ይህን ነው፤ የልጃችሁን ስም፣ ማን እንዳወጣውና ለምን እንዳወጣው፣ ዛሬ ማታ በደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ቀኑንም ጻፉበት። ከዚያ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ሰው ይረሳል፤ ሰው ይሞታል። የተጻፈ ግን ልጁን ይጠብቀዋል።

ለዛሬው ይበቃናል። በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።

ጥያቄዎች (መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ)

1. ፐርዲታ ማለት በአማርኛ ምን ማለት ነው?
2. በቴያትሩ ውስጥ ስሙን ያወጣው ማን ነው?
3. ልጅቱ ማን እንደ ሆነች የታወቀው በምን በምን ነው?
4. ሜሪ ሮቢንሰን ደብዳቤዎቹን ማስቀመጧ ምን ጠቀማት?
5. የእናንተን ስም ማን አወጣው? ለምን አወጣው?

የቃላት ፍች

ብርቅ፦ በቀላሉ የማይገኝ።
ሸንጎ፦ ለፍርድ ወይም ለምክር የተሰበሰበ ጉባኤ።
ጉዲፈቻ፦ ያልወለዱትን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግ።
ነቁጣም፦ በሰውነቱ ላይ ነጠብጣብ ያለበት።
እ.ኤ.አ.፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር።